የምግብ አብሳይዋ ሦስተኛ ዙር

በዚህ ታሪክ ውስጥ የምታሳዝነው ሴት እኔ አይደለሁም። ደብዳቢዋ እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ወደ መጨረሻው ስትደርሱ እንዳትታለሉብኝ ነው። ገጠመኛቸውን የሚጽፉ ሰዎች ራሳቸውን ሲያሳምሩ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም ሞክሬው ነበር፣ አልሆነልኝም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባጃጅ እያጠብኩ እተዳደራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ባልዲ ስሸከምና ጭቃ ስፈገፍግ ክንዴ ከመጠንከሩ የተነሳ የሸሚዝ እጅጌ እምቢ ይለኝ ጀምሯል። ጠባዬም ከክንዴ አያንስም። ቀና ብሎ ያየኝን ሁሉ "ምን ታያለህ?" እለዋለሁ። ከመለሰልኝ እመታዋለሁ፤ ካልመለሰልኝም ንቆኛል ብዬ እመታዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ሹፌር ጎንበስ ባልኩበት ዳሌዬን ቸብ አደረገኝ። ዞር ብዬ አንዴ ብቻ አቀመስኩት፤ የፊት ጥርሱን ጭቃ ውስጥ ሲፈልግ አመሸ። አሰልጣኝ ሎሃ ያገኘኝ በዚያ ጥርስ ምክንያት ነው። ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ እጄን አገላብጦ አየና "ይሄ እጅ ሰፈር ውስጥ እየባከነ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ቦክስ አሠለጠነኝ።

ነገሩ የሆነው በጊፋታ ሰሞን፣ በእኛ በወላይታዎች አዲስ ዓመት ነው። ከተማው በሬ አርዶ ሥጋውን በሚያቃጥለው ዳጣ እየበላ የሚደሰትበት፣ የተጣላ ሁሉ ታርቆ የሚቀመጥበት ሳምንት ነው። ከየወረዳው የመጡ ቡድኖች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ ሰው መጥቷል። አንዲት ሴት ቦክሰኛ መርጦ ይዞ ሊመለስ ነው፤ አንዲት ብቻ። ለእኔ ክለብ መግባት ማለት ባልዲውን ወርውሮ መሄድ ማለት ነበር። አልጋ አለ፣ ደሞዝ አለ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መብላት አለ።

በውድድሩ ቀን ጠዋት ሎሃ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ "ሰውየው በነጥብ ያሸነፈ አይፈልግም። 'በነጥብ የምታሸንፍ አዲስ አበባም ሞልታለች' ብሏል። በዝረራ ነው የሚፈልገው። የአረካዋ ልጅ አሁን ጠዋት በአንደኛው ዙር ዘርሯል፣ አይቶታል፣ ጽፏል። አንቺም ካልዘረርሽ እሱን ይዞ ይሄዳል።" ሎሃ አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። ያለኝ ግን በደንብ ገብቶኛል። ማሸነፍ አይበቃም፤ የምትመጣብኝን ሴት እንዳትነሳ አድርጌ መሬት ላይ ማንጠፍ አለብኝ።

ሚዛን ላይ እስክወጣ ድረስ አንድ ቀን ተኩል ምግብ አልቀመስኩም፣ ውሃም ከንፈሬን ከማርጠብ አላለፈም። ልክ ሃምሳ አራት ኪሎ ሆኜ ወረድኩ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ጭስ አየሁና ወደዚያ ሄድኩ። አንዲት ሴት ሦስት ድንጋይ ላይ ትልቅ ድስት ጥዳ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ትቀቅላለች። ሠላሳ ሦስት ሠላሳ አራት ዓመት ይሆናታል፣ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ወደፊት የጎበጠ።

"ሳሮ" ብዬ በቋንቋችን ሰላም አልኳት።

"ሳሮ፣ ሳሮ። ምነው ልጄ፣ ከንፈርሽ ደርቋል?"

"ከትናንት ወዲያ ማታ ነው የበላሁት። ሚዛን ነበረብኝ።"

"አይ! ነይ፣ ቁጭ በል፣ ብላ" አለችኝ፤ እሷም እንደ ሎሃ ነው አማርኛዋ። ትኩሱን ቦይና በባዶ ጣቷ ልጣ፣ ዳጣ አስነክታ በእጇ አጎረሰችኝ። አንዱን ውጬ ሳልጨርስ ሁለተኛውን ደገመችኝ። ሦስተኛውን ስታጎርሰኝ ነፍሴ ተመለሰች።

"የየትኛው ቡድን ነሽ?" አልኳት አፌ እንደሞላ።

"የበዴሳ። ምግብ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ታደለች እባላለሁ። አንቺስ?"

"አስቴር። የሶዶ ቦክሰኛ ነኝ።"

"በስንት ኪሎ?"

"ሃምሳ አራት።"

እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቀች፣ ድዷ እስኪታይ ድረስ። "እንግዲያው ከእኔ ጋር ነሽ" አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ አብሬያት ሳቅኩ። የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ አንጓዋ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ አሳየችኝ። አንድ ቡድን ላልተሞላ ምድብ በፎርፌ ነጥብ ይቀነስበታል። የበዴሳ ልጆች በሃምሳ አራት ኪሎ ሴት ሲያጡ ሁልጊዜ የሚያስገቡት ምግብ አብሳያቸውን ነው። ሴትየዋ ቁርስ ለመሥራት ሲነጋጋ ስለምትነሳ፣ ድስቱን ጥዳ ከልጆቹ ጋር ትሠለጥናለች። አራት ጊዜ ገብታለች።

"አሸንፈሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ እኔ! ሁለተኛውን ዙር ጨርሼ አላውቅም።" ድስቱን በማማሰያ ነካ ነካ አደረገች። "እኔ የጀመርኩትን ጨርሼ የማውቀው ወጥ ብቻ ነው። ትምህርት ጀመርኩ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ አስወጡኝ። ልብስ ስፌት ጀመርኩ፣ ወንድሜ መኪናውን ሸጠው። ትዳርም ጀመርኩ፣ ሰውየው ጥሎኝ ሄደ። እና ሦስተኛው ዙር ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ። ማሸነፉ ለእናንተ ይሁን። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ቆሜ ልገኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ይህን ስትል አልተቅለሰለሰችም፣ እንባም አልነበራትም። ገበያ ሄዳ ምን እንደምትገዛ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። እኔ የምፈልገውና እሷ የምትፈልገው አንድ ላይ ሊሆን አይችልም። እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ "እግዜር ይስጥልኝ" እንኳን ሳልላት ተነስቼ ሄድኩ።

"ወጥ ሠሪ ነው እንዴ የደረሰኝ?" ብዬ ሎሃ ላይ ጮህኩበት።

"እሰይ ነው! ቶሎ ይወድቃላ" አለኝ።

ሪንጉ በሜዳው መሐል በርሜሎች ላይ ጣውላ ረብርበው የሠሩት ነው። ገመዱ እንዳይልጥ አሮጌ አንሶላ ተጠምጥሞበታል። ደወሉ የትምህርት ቤቱ የራሱ ደወል ነው፤ አቮካዶ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአይሱዙ ቸርኬ። የግቢው ዘበኛ ሰዓቱን እያየ በብረት ይመታዋል። በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሪንጉ ስወጣ ሜዳው በሰው ጥቅጥቅ ብሏል። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ተቀምጧል። የክለቡ ሰው ከፊት ወንበር ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አየሁት፣ ሌላ ሰው አላየሁም።

ታደለች ስትወጣ ሳቅ ሆነ። ጓንቱ ትልቅ ሆኖባታል፣ የራስ መከላከያው ዓይኗ ላይ እየወረደ ያስቸግራታል። "ሂጂ ወጥሽ አርሯል!" አላት አንዱ። "ቆጮውን ማን ሊጋግር ነው?" አለ ሌላው። እሷም ከሰዎቹ ጋር ሳቀች።

አንደኛው ዙር እንደተጀመረ በግራ እጄ ሦስት ጊዜ አፍንጫዋ ላይ አሳረፍኩ። መከላከል አታውቅም ማለት ይቻላል። ቡጢው ሲመጣ ትጨፍናለች፣ ከመጣ በኋላ እጇን ታነሳለች። በአራተኛው ቀኝ እጄን ጨመርኩበት፤ አፍንጫዋ ቀጭ ሲል በጓንቱ ውስጥ ተሰማኝ። ደሟ አገጯ ላይ ወረደ። ሳቁ ቀነሰ። ወደ ገመዱ አስጠግቼ ሆዷን፣ ጎኗን፣ እንደገና ሆዷን ወቀጥኩት። እህ እህ እያለች ቆመች። እሷም ትመታኛለች፤ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ አንዳንዴ አየሩን። ደወሉ ሲደወል ወደ ማዕዘኗ ሳይሆን ወደ እኔ ማዕዘን መሄድ ጀምራ ነበር፣ ዳኛው አዞራት።

ሎሃ ውሃ እያፈሰሰብኝ "ጎኗን ተይው። አገጩን! አገጩን!" ይለኛል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ገና እንደጀመርን በቀኝ ሁክ፣ ከጎን በሚመጣ ቡጢ፣ አገጯን አገኘሁት። እግሯ ከድቷት በቂጧ ቁጭ አለች። ሜዳው ጮኸ። ዳኛው እስከ ስድስት ቆጠረ፣ በስድስት ላይ ተነሳች። ጓንቷን ቲሸርቷ ላይ ጠረገላትና "ትቀጥያለሽ?" አላት። "አዎ አዎ" አለች ቸኩላ፣ ሥራዋን እንዳትቀማ የፈራች ሠራተኛ ነው የምትመስለው። የእኛ ሰፈር ልጆች ያበቃ መስሏቸው ሀያ ሌኬን አነሱት፤ በጊፋታ የሚዘፈን፣ እየተረገጠ የሚጨፈር ዘፈን ነው። መቶ ሰው መሬቱን ሲደልቅ ጣውላው ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መታሁ፣ መታሁ፣ መታሁ። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘጋ። አልወድቅ አለችኝ። ክንዴ እየዛለ ሄደ፣ ንዴቴ ግን እየባሰ ሄደ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ቸርኬው ተደወለ። በዚያ ዘፈንና ጩኸት መሐል ዳኛው አልሰማውም። ተመልካቹም አልሰማም። ታደለች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትጠብቀው እሱን ስለሆነ ሰማችው። እጆቿን አወረደች። በአንዱ በተረፈላት ዓይን አየችኝና ፈገግ አለች፤ ሁለተኛውን ዙር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ወደ ማዕዘኗ ልትሄድ ፊቷን አዞረች።

እኔም ሰምቼው ነበር። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት።

ቀኝ እጄን ከወገቤ አንስቼ፣ ሙሉ ሰውነቴን አስገብቼ፣ ባዘነበለችው መንጋጋዋ ላይ አሳረፍኩት። የጥርስ መከላከያዋ ከአፏ ወጥቶ ገመዱን አልፎ ሰው ላይ ወደቀ። እሷ በግንባሯ ጣውላው ላይ ተደፋች። ድምፁ አሁንም አልለቀቀኝም።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘበኛው ብረቱን እንደያዘ እየሮጠ መጣ፤ "ደውያለሁ! ሦስት ጊዜ ደውያለሁ እኮ!" እያለ ይጮኻል። ያኔ ሜዳው ተቀየረ። ከበዴሳ የመጡት ሰዎች ገመዱን እየዘለሉ መግባት ጀመሩ። አንዱ ሎሃን አንገቱን ያዘው፣ ሎሃ በጭንቅላቱ አፍንጫውን መታው። ድንጋይ በጭንቅላቴ አጠገብ አለፈና ዳኛው ጆሮ ላይ አረፈ፤ ነጭ ሸሚዙ በደም ራሰ። የእኛ ሰፈር ልጆች ወንበር አንስተው መጡ። ፖሊሶች በዱላ የመቱት ሁሉ ጥፋተኛ አልነበረም። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ከመሐል ወድቃ ስትረገጥ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ እኔ ባሳረፍኩት አንድ ቡጢ ነው። እኔ ማዕዘኔ ላይ ተቀምጬ ውሃ እጠጣ ነበር።

ነገሩ ረገብ ሲል ዳኛው ጆሮውን በመሐረብ ይዞ ሁለታችንንም መሐል ላይ አቆመን። ታደለች በራሷ እግር ነበር የቆመችው። መቼ እንደተነሳች አላየሁም።

"ደወሉን ሰምተሽ ነው የመታሻት?" አለኝ።

"አልሰማሁም።"

"ሰምተሽ ከሆነ ትሰረዣለሽ፣ አሸናፊዋ እሷ ትሆናለች።"

"አልሰማሁም አልኩህ!"

ወደ እሷ ዞረ። "አንቺስ ደወሉን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እሷስ ሰምታለች ትያለሽ?"

የበዴሳ አሠልጣኝ ዘሪሁን የሚባል ወጣት ነው፤ ከማዕዘኑ ሆኖ "በያ! ሰምታለች በይና ይብቃ! አሸነፍሽ እኮ! በሕይወትሽ አንዴ አሸነፍሽ!" ይላል ሊያለቅስ ደርሶ።

ታደለች አየችኝ። እንደሰማሁ ታውቃለች። ከመዞሯ በፊት ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ዓይኔን ወደ ጫማዋ አወረድኩ፤ የሸራ ጫማ ነው፣ አንዱ ማሰሪያ በሲባጎ ተተክቷል።

"የሷን ጆሮ እኔ በምን አውቃለሁ?" አለች ባበጠ አፏ። "ሦስተኛውን አስጀምሩት።"

"አብደሻል?" አለ ዘሪሁን። "ከደወል በኋላ ነው የተመታሽው፤ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ አሸናፊ ነሽ!"

"ተቀምጬ አልጨርስም" አለችው።

አንዲት ነርስ ወጥታ ዓይኗ ውስጥ በባትሪ አበራች፣ ስሟን ጠየቀቻት፣ ጣት አስቆጠረቻት። "ትችላለች" ብላ ወረደች። ዛሬ እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ በፍጹም አላስቀጥላትም ነበር። ያን ቀን ግን የሰማነው ሁላችን የነርሷን ቃል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር በውስጤ የነበረውን ልደብቃችሁ አልችልም። ያፈረ ሰው ይራራል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ያፈረ ሰው ይብሳል። ውለታ ውላልኝ ነበር፣ ውለታዋን ጠላሁት። እሷ ወድቃ ብትቀር የሠራሁት ሁሉ አብሮ የሚቀበር መሰለኝ።

በመጀመሪያው ደቂቃ ሁለት ጊዜ ጣልኳት። አንዴ በግራ ሁክ፣ አንዴ ግንባሯ ላይ በቀጥታ ቀኝ። ሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች ዳኛው ያቆመዋል፤ ያ ማለት በዝረራ አሸነፍኩ ማለት ነው። በሁለተኛው ውድቀት በጉልበቷ ተንበርክካ ጣውላው ላይ ደም ስትተፋ አንዲት ሴት ከኋላ "ደንዳ!" አለች። በእኛ ቋንቋ ተነሺ ማለት ነው። ሌላዋ ተቀበለቻት። "ደንዳ! ደንዳ!" ማነው የሚጮኸው ብዬ ዞር ስል ከበዴሳ የመጡት ብቻ አይደሉም። ከእኔ ጋር ባጃጅ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። የሶዶ ሰው ነው፣ ሀያ ሌኬ ሲልልኝ የነበረው ሰው። በስምንት ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ቦክስ አልነበረም። እሷ እጇን ማንሳት አቅቷታል፣ እኔ ማነጣጠር አቅቶኛል። የተሰበረ አፍንጫዋን መታሁት፣ የተዘጋ ዓይኗን መታሁት። ገመዱ ላይ ተደግፋ ስትመለስ እየጠበቅኩ መታኋት። ደሟ አፌ ውስጥ ገብቶ ጨው ጨው ይለኛል። ልትወድቅ ስትል ተንደርድራ አንገቴን አቀፈችኝ። ሙሉ ክብደቷ በላዬ ላይ ነው። የጥርስ መከላከያ ባጣ አፏ በጆሮዬ ሥር "ስንት ቀረው?" አለችኝ።

እኔን ነው የጠየቀችው። ሌላ የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ጎኗን ሦስት ጊዜ መታሁ። አላቀቅኳትና ገፋኋት፣ ገመዱ መለሳት። ያለ የሌለ ጉልበቴን ሰብስቤ ቀኜን ሰነዘርኩ፤ የራስ መከላከያዋን ገፍፎ አለፈ። ተንገዳገደች። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ኋላ። ዘበኛው ብረቱን ሲያነሳ ያዩ ሰዎች "እሽሽ!" አሉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ቸርኬው ሦስት ጊዜ ተደወለ። ታደለች እጆቿ ተንጠልጥለው፣ እግሮቿ ተበልጥጠው ቆማ ነበር።

ዳኛው እጄን አነሳው። በነጥብ አሸንፌያለሁ። አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም። ሰዉ ወደ ሪንጉ ወጥቶ እሷን ተሸክሞ ሲወርድ፣ የክለቡ ሰው ወንበር ባዶ መሆኑን አየሁ። ታደለች ከሰው ትከሻ ላይ ሆና አስመለሳት፣ ከዚያ አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ሎሃ ጓንቴን ፈትቶ ባልዲው ውስጥ ወረወረው።

በማግሥቱ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ። ፊቷ ሰው አይመስልም ነበር። መንጋጋዋ ተጠቅልሏል፣ አንዱ ዓይኗ እብጠቱ ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል። ዘሪሁን ሲያየኝ ተነስቶ ወጣ።

"አስቴር ነህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ቁጭ በል።" ከዚያ በቀስታ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው" አለች። "ዘፈኑ ትዝ ይለኛል። ሀያ ሌኬ ሲሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ የለም። ሦስተኛው ዙር የለም። ዘሪሁን 'ቆመሽ ጨረስሽ' ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው እላለሁ፤ እሱ ደግ ልጅ ነው፣ ይዋሽልኛል። አንቺ ግን ለምን ብለሽ ትዋሺልኛለሽ? አንቺ መቺዬ ነሽ። አንቺ ንገሪኝ። ጨርሻለሁ?"

ያን ሁሉ ቡጢ የተቀበለችለትን ነገር አላየችውም። እኔው ከጭንቅላቷ ውስጥ መትቼ አውጥቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ደወሉም ትዝ አይላትም። መስማቴን ብደብቀው የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሰብኩበት። ግን ዋሽቼ ከጀመርኩ ሌላውን እንዴት ታምነኛለች?

"መጀመሪያ ሌላ ነገር ስሚ" አልኳት። "ሁለተኛው ዙር ተደውሎ ነበር። ሰምቼው ነበር። ከተደወለ በኋላ ነው የመታሁሽ። ለዳኛው አልሰማሁም ብዬ ዋሸሁ። አንቺ ማሸነፍ ስትችዪ እምቢ ብለሽ አስቀጠልሽ።"

ያልተዘጋው ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። "እሱን አንቺና እግዜር ተነጋገሩበት" አለች። "እኔ የጠየቅኩሽ ሦስተኛውን ነው።"

ነገርኳት። እያንዳንዱን። የግራ ሁኩን፣ ቀጥታውን፣ ስንት ላይ እንደተነሳች፣ ማን "ደንዳ" እንዳለ። አቅፋኝ "ስንት ቀረው" እንዳለችኝና እኔ መልስ ሳልሰጥ ጎኗን እንደመታኋት። ስናገር እያለቀስኩ ነበር፤ እሷ አታለቅስም፣ በአፏ ቃሌን እየተከተለች ታዳምጣለች። የመጨረሻው ደወል ላይ ስደርስ የአልጋውን ብረት ያዘች።

"ቆሜ ነበር?"

"ቆመሽ ነበር።"

"ገመድ ይዤ?"

"ምንም ሳትይዢ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

እኔ ክለብ አልገባሁም። የአረካዋ ልጅ ሄደች፣ ይገባታልም። ለዳኛው ሄጄ ስለ ደወሉ ተናገርኩና ለአንድ ዓመት ታገድኩ፤ ሎሃ ለሁለት ወር አኮረፈኝ። ዛሬ ሶዶ ውስጥ አሥራ አራት ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። ስድስቱ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ሆነው "ደንዳ" ያሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ጥሩ ቡጢ የላትም፣ መቼም አይኖራትም፤ ለምን እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም፣ አውቀዋለሁ። አሁንም ጠባዬ ቁጡ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሪንግ ውጭ ሰው ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ሪንግ ውስጥም ፎጣ ወርውሮ ውድድሩን ለማስቆም እንደ እኔ የሚቸኩል አሠልጣኝ የለም፤ ይሰድቡኛል፣ ይስደቡኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የታደለችን ታሪክ ስነግር ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ማጨብጨባችሁን አልጠላም። እኔ ግን የምላችሁ ሌላ ነው። ደካማ ሰው ተሸንፎ እንኳን ቆሞ ሲጨርስ የሚያስደንቅ ነገር ነው፣ አዎ። እዚያ ለመድረስ ግን የወደቀባት ቡጢ የአንድ ሰው ነበር፣ ያ ሰው ስም ነበረው፣ ስሙም አስቴር ነው። ስታጨበጭቡ እሱንም አትርሱ። የግራ ዓይኗ ዛሬም ብዥ ይልባታል። ሐኪም ሪንግ ከልክሏታል። ምግብ ግን ለቡድኑ አሁንም ትሠራለች፣ ጠዋት ጠዋትም ድስቷን ጥዳ ከልጆቹ ጋር ትሮጣለች።

በየጊፋታው በዴሳ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቿን ትሰበስባለች፣ አዲስ ሰው ካለ ከፊት ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "በይ ንገሪያቸው" ትለኛለች። እነግራቸዋለሁ። ምንም አልቀንስም፣ ደወሉንም ውሸቴንም ጭምር። ከአዲሱ ሰው በቀር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ሰምቶታል፣ ልጆቹ ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። እሷ ግን የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ስደርስ የተቀመጠችበትን በርጩማ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ገና ያልታወቀ ነገር እንደምትጠብቅ ትንፋሿን ትይዛለች።

"ቆሜ ነበር?" ትለኛለች።